ውሃ ያላየው ጀልባ

ኡበይደላ ወሬውን የሰማው ከባጃጅ ተሳፋሪ ነው። ሰውዬው ከወልድያ የመጣ የቆርቆሮ ነጋዴ ነበር። ከመርሳ መናኸሪያ እስከ ገበያው ድረስ በሙቀቱ ሲያማርር ቆየና ድንገት ሳቅ አለ።

«እኛ ሰፈር አንድ ሰው አለልህ፤ ግቢው ውስጥ ጀልባ አስቀምጦ ገዢ ይፈልጋል። ወልድያ ላይ ጀልባ! አሁንማ የዶሮ ቤት ሆኗል።»

ኡበይደላ ባጃጁን ዳር አስይዞ አቆመ። «የምን ጀልባ?»

«እኔ ምን አውቄ? ጀልባ ነዋ! ምነው፣ ዓባይን ልትሻገር ነው?»

ሰውዬው ሂሳቡን ከፍሎ እየሳቀ ወረደ። ኡበይደላ ግን ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ቆየ። ከኋላው የቆመ ሚኒባስ ጡሩምባውን ሲያስጮህበት ነው የነቃው።

ተወልዶ ያደገው ሐይቅ ከተማ፣ ውሃው ዳር ነው። ከጓደኛው ከሚስባህ ጋር በአንድ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ዓሣ ሲያጠምድ ኖሯል። ሉብናን ባገባ በዓመቱ ግን አንድ ጠዋት ነፋስ ተነሳና ጀልባዋ መሀል ሐይቅ ላይ ተሰንጥቃ ሰመጠች። ሁለቱም ዋኝተው ወጡ። ሉብና ያን ጠዋት ዳር ቆማ ነበር። ምን እንዳየች ተናግራ አታውቅም፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ዕቃዋን ሸክፋ «እናቴ ጋ እንሂድ» አለችው። ከዚያ ወዲህ መርሳ ናቸው። እሷ ገበያው አፍ ላይ ማንጎና ፓፓያ ትሸጣለች፣ እሱ የሰው ባጃጅ ይነዳል። ክፉ ኑሮ አልነበረም። እሱ ግን እግሩ እንጂ ልቡ መርሳ አልገባም። ማታ ማታ ሚስባህ ይደውልለታል፤ የሚያወሩትም ስለ ዓሣ ብቻ ነው።

በነጋታው ባጃጁን ለባልደረባው አደራ ብሎ በጠዋት ሚኒባስ ወልድያ ገባ። ጀልባ ያለውን ሰው እየጠየቀ፣ ከመናኸሪያው በላይ ባለው አቀበት ላይ የጋሽ ሲሳይን ግቢ አገኘ። ጋሽ ሲሳይ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲያወሩም ሰውን ዓይኑ ውስጥ የሚያዩ። ስለ ጀልባው ሲጠይቃቸው እጁን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት።

ጀልባው በአፉ ተደፍቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የፋይበር ነው። ድሮ ነጭ ነበር፤ አሁን የጭቃ መልክ ይዟል። ከሥሩ አንዲት ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ ወጣች። ኡበይደላ ተንበርክኮ በጣቱ መገጣጠሚያ እያንኳኳ ከግንባሩ እስከ ኋላው ሄደ። ድምፁ ደህና ነው። ቅርጹም ያማረ ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ ግንባሩ ሹል፣ ስምንት ሰው ያለ ችግር ይይዛል።

«ውሃ ላይ እንዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ልጄ፣ አልዋሽህም» አሉ ጋሽ ሲሳይ። «አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ ዕቃውን በጨረታ ሸጠ። እኔ የፈለግሁት ጠረጴዛና ወንበሩን ነበር፤ ይሄም አብሮ ተጭኖ መጣ። ውሃ ላይ አይቼው አላውቅም።»

«ያፈስ እንደሆነስ?»

«እኔ የማውቀው ዝናብ ሲዘንብ ዶሮዎቹ ከሥሩ ደርቀው እንደሚያድሩ ነው።»

ተደፍቶ ዝናብ መመለስ ሌላ፣ ሰው ተሸክሞ ሐይቅ ላይ መዋል ሌላ። ኡበይደላ ይህን ያውቃል። የጠሩለት ዋጋ ግን ከአሮጌ ሞተር ሳይክል ያነሰ ነበር። ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለ ጀልባ በዚህ ዋጋ ሲሸጥ ሰምቶ አያውቅም። እንደገና ዞረው። ከሆዱ በታች፣ ወደ ኋላ ጠጋ ብሎ፣ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ነጩ ከሌላው ነጭ ተለየበት። በጣቱ ዳሰሰው። ትንሽ ጉብ ብሏል። የተለጠፈ ነገር ነው።

«ይሄስ?»

«ሲመጣም እንደዚያው ነበር። ምን እንደሆነ አላውቅም።» ጋሽ ሲሳይ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «ስማ ልጄ፣ ሰኞ ግንበኞች ይገባሉ፤ እዚህ ላይ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት ልሠራ ነው። እስከ ቅዳሜ ካልወሰድከው ለሞላ እሰጠዋለሁ።»

«ሞላ ማነው?»

«የሐራ ሰው ነው፤ ከብት ነጋዴ። ለበሬዎቹ የውሃ ገንዳ ላድርገው ብሎኛል።»

ገንዳ! ኡበይደላ እንደ ሰደቡት ሰው ፊቱ ተለዋወጠ። «እስከ ቅዳሜ ይጠብቁኝ፣ ጋሼ። ወላሂ እመጣለሁ» አለ።

ማታ ለሉብና ሲነግራት ፓፓያዎቿን በበሰሉበት ደረጃ እየለየች ነበር። ቀና ሳትል ሰማችው።

«እኔ አትግዛ አይደለም የምልህ» አለች በመጨረሻ። «ሳትሞክረው አትግዛ።»

«የት ልሞክረው? እዚህ ወንዝ ላይ ነው? ጉልበቴን እንኳ አይደርስም!»

«ሐይቅ ወስደህ ሞክረዋ።»

«ሳልከፍል ማን ጭነህ ሂድ ይለኛል? ቢለኝስ፣ የጭነት መኪናው የጀልባውን ዋጋ ግማሽ ይበላል። እዚያ ሄዶ ቢያፈስ መልሼ ላመጣው ነው?»

«ታዲያ ያ የተለጠፈው ምንድን ነው?»

ውጭ ወጥቶ ለሚስባህ ደወለ። ሚስባህ በደስታ ጮኸ። «አንተ! ግዛው እንጂ! ቀዳዳ ቢኖረውስ? የሰው እጅ የሠራውን የሰው እጅ ይደፍነዋል። አብሽር!» ለሚስባህ ቀላል ነበር። ሚስባህ ሚስት የለውም፤ ዳር ቆሞ የሚጠብቀው ሰው የለም።

ያ ሳምንት አላልቅ አለ። ኡበይደላ ተሳፋሪ ጭኖ ማዞሪያውን ያልፋል፣ መልስ መስጠት ይረሳል። ረቡዕ ዕለት ወንዝ ዳር ወርዶ፣ ባጃጁን አቁሞ፣ ውሃው በድንጋዮቹ መሀል ሲሄድ ሲያይ ዋለ። አንዴ «ገዝቼዋለሁ» ብሎ ይነሳል። ወዲያው ያ ጉብ ያለ ነገር ጣቱ ላይ ይመጣበታል፤ ደግሞ ይቀመጣል። ሰው የቀደደው ይሆን? ድንጋይ መትቶት ነው? ወይስ ሲሠራ ጀምሮ ያለ ነው? ቤትም ሲገባ ምግቡን ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል። ሉብና ሁሉንም ታያለች።

ዓርብ ማታ እሷው መላ አመጣች።

«እኔ ጀሪካን ስገዛ ምን እንደማደርግ ታውቃለህ? ውሃ እሞላውና ሥሩን በእጄ እዳስሳለሁ። ጀልባውን ገልብጣችሁ ውስጡ ውሃ ሙሉበት።»

«ጀልባ እኮ ውሃ እንዳይገባበት ነው የሚሠራው።»

«የማያስወጣ አያስገባም» አለች።

ኡበይደላ አፍጥጦ አያት። ከዚያ ግንባሯን ስሞ ተነሳና ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር።

ቅዳሜ አብረው ሄዱ። ጋሽ ሲሳይ ሐሳቡን ወደዱት። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ዶሮዎቹ እየተንጫጩ ተበትነው፣ ጀልባው በስንት ሆታ ተገለበጠና ከሥሩ እንዲታይ በግንድ ላይ ተቀመጠ። ያኔ የጋሽ ሲሳይ ባለቤት እትዬ ማርታ ከቤት ወጡ።

«በምን ውሃ ነው የምትሞሉት?» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ረሳኸው፣ ሲሳይ? ያለችኝ ያቺ በርሜል ናት። እሷን ደግሞ ለጀልባ አልሰጥም።»

«እውነትዎን ነው፣ እትዬ» አለች ሉብና ቀድማ። «አንነካትም። ዝናቡ ይሙላልን።»

ነሐሴ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከምሳ በኋላ ሳይዘንብ የዋለ ቀን የለም። ያን ዕለትም ተራራው ላይ ጥቁር ደመና ተቆልሏል። እትዬ ማርታ ወንበር አወጡላቸው፤ የተቀቀለ በቆሎ አቀረቡ። አራቱም ከቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሰማዩን ማየት ያዙ።

ደመናው ወረደ። ንፋስ መጣ፤ በገመድ ላይ ያለውን ልብስ አራገበ። አንድ ሁለት ጠብታ ጀልባው ላይ ጠብ ጠብ አለ። ኡበይደላ ብድግ ብሎ ከሥሩ ተንበረከከ። ጠብታው ቆመ። ደመናው ሰነጠቀ፤ ፀሐይ ወጣች።

«ይመለሳል» አሉ ጋሽ ሲሳይ።

አልተመለሰም። ኡበይደላ ቁጭ ብድግ ይላል፤ በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል፤ ያን የተለጠፈ ቦታ ይዳስሳል፤ እንደገና ይቀመጣል። እትዬ ማርታ አንጀታቸው አልችል ብሎ «ልጄ፣ ደመናው አንተን ቢያይ እኮ ይፈራል፤ አረፍ በል» አሉት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሞላ መጣ። ከኋላው አይሱዙ አስከትሏል። አንገቱ አጭር፣ ድምፁ ትልቅ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ጀልባው ተገልብጦ ሲያየው «እሰይ! ለኔ አዘጋጅታችሁ ጠበቃችሁኝ» አለ።

«ቆይ ሞላ» አሉ ጋሽ ሲሳይ። «ይሄ ልጅ ቀድሞሃል። እስኪመሽ ድረስ ቃል ሰጥቼዋለሁ።»

ሞላ ቅር አላለውም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተረፈውን በቆሎ መብላት ጀመረ። የመኪናው ሹፌር ግን እየተመላለሰ ሰዓቱን ያያል። ሰማዩ ጭራሽ ጠርቶ ወደ ሐምራዊ ተለወጠ። በመጨረሻ ጋሽ ሲሳይ ወደ ኡበይደላ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ? እኔ ላስገድድህ አልችልም፤ ላታልልህም አልፈልግም። ግዛም አትግዛም አልልህም።»

ኡበይደላ ሉብናን ሳብ አድርጎ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዳት። «እኔ እኮ ልገዛው ነው» አላት በሹክሹክታ። «ሉብና፣ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይመጣም። አላህ ያውቃል፣ ደህና ይመስለኛል።»

«አንተ ታውቃለህ» አለች።

ፊቷን አየው። የሻሿን ጫፍ በሁለት እጇ እያጣመመች ነው።

«ምንድን ነው? ተናገሪ።»

«ጀልባችሁ የሰመጠች ቀን» አለች። «ያን ቀን ሁለት ራስ ነበር የሚታየኝ። ማዕበሉ ሲነሳ ሁለቱም ይጠፋሉ። ሲወርድ አንዱ ብቻ ይወጣል። የማን እንደሆነ አይለይም። የጠፋው የሚስባህ ይሁን አልኩ፣ ኡበይደላ። የሰው ልጅ እንዲሞት ተመኘሁ። ሁለታችሁም ስትወጡ እሱን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። እዚያ መኖር ያልቻልኩት ለዚህ ነው።»

ኡበይደላ ይህን አልጠበቀም። ሚስቱ ውሃ የምትፈራ ነበር የሚመስለው። እጇን ከሻሿ ላይ አላቀቀ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ተመልሶ «ጋሼ፣ አልገዛም። ይውሰደው» አለ።

ጀልባው አይሱዙ ላይ ሲጫን እሱም አንዱን ጎን ይዞ አግዟል። ሞላ «ሐራ ስትመጣ ግባ፤ ወተት አለ» ብሎት ሄደ።

ባልና ሚስት በመጨረሻው ሚኒባስ ወደ መርሳ ተሳፈሩ። ሲሪንቃን እንዳለፉ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ የመኪናውን ጣራ ሲደበድበው ሹፌሩ መንገዱ አልታይ ብሎት ዳር ያዘ። ተሳፋሪው ሁሉ «አልሐምዱሊላህ» «ተመስገን» ይላል። ኡበይደላ ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ጥል አልነበረም፤ ዕረፍትም ግን አልነበረም። ኡበይደላ አይቆጣም፣ አይወቅስም፤ ብቻ አይቀመጥም። የተሠራ አጥር ፈትቶ እንደገና ያጥራል። የሚስባህን ስልክ አያነሳም። ሉብና ስትናገር «እ?» ይላታል። እንዲያ እያለ መስከረም ገባ። አንድ የገበያ ቀን ባጃጁን አቁሞ፣ ለማንም ሳይናገር፣ በወልድያ በኩል ሐራ ሄደ።

የሞላ በረት ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። ጀልባውን ከሩቅ አየው። በድንጋይ ተደግፎ መሬት ሳይነካ ተቀምጧል፤ እስከ አፉ ውሃ ተሞልቷል። ሦስት በሬዎች አፍንጫቸውን ነክረው ይጠጣሉ። ኡበይደላ ሰላምታም ሳይሰጥ በበሬዎቹ መሀል ገብቶ ተንበረከከና እጁን ከሆዱ ሥር ሰደደ። ያን ጉብ ያለ ነገር አገኘው። ደረቅ ነው። መሬቱን ዳሰሰ። አቧራ ነው።

«ምን ጠፍቶህ ነው?» አለ ከኋላው ሞላ።

«ያፈሳል?»

«ከመጣ ጠብ አላለም። ጎበዝ ገንዳ ነው!» ሞላ ሳቀ፤ ግን ኡበይደላ ሲነሳ ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ አየና ሳቁን ዋጠው። «ወይ አንተ ሰው... እኔ እኮ እንዲህ መሆንህን አላወቅሁም።»

«ሽጥልኝ።»

«በሬዎቼ በምን ይጠጡ? ደግሞ እኮ ቀድጄዋለሁ። ና እይ።» ከኋላ በኩል፣ ከታች፣ በእንጨት የተወተፈ ቀዳዳ አሳየው። «ሳጥበው ውሃው አልወጣ እያለ አስቸገረኝ፤ ማፍሰሻ አበጀሁለት።»

ኡበይደላ ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ለካው። ክብ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ማን እንደቀደደው፣ ለምን እንደቀደደው ይታወቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ገንዳ ልሥራልህ» አለ። «በድንጋይና በሲሚንቶ። ከዚህ የሚሰፋ። ካልወደድከው ጀልባው ይቅርብኝ።»

ሞላ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ድንጋዩ ከኔ» አለ።

ኡበይደላ ማታ ለሉብና ሁሉንም ነገራት። እሷ ግን በቃል ብቻ አልተቀበለችውም። በነጋታው ገበያዋን ትታ አብራው ሐራ ሄደች። ቀሚሷን ሰብስባ እንደ እሱ ተንበረከከች፤ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ከጀልባው ሥር አስገብታ ብዙ ዳሰሰች። ስትነሳ እጇን አየችው። አቧራውን አራገፈች።

«ገንዳውን ሥራ» አለች። «አንድ ነገር ግን ላስቸግርህ።»

«በይ።»

«ዳር ቆሜ አልጠብቅም። መጀመሪያ ስትወጣ አብሬህ እወጣለሁ።»

ገንዳው ከታሰበው በላይ ጊዜ ፈጀ፤ አንዱ ጎኑ ተሰንጥቆ ፈርሶ ተሠራ። ሞላ ግን ቃሉን አላጠፈም። ጀልባው በአይሱዙ በመርሳ አልፎ፣ በውርጌሳና በውጫሌ ወጥቶ ሐይቅ ወረደ። ሚስባህ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ጠበቃቸው፤ የሞላን ቀዳዳ ከውስጥም ከውጭም ደፍኖ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጠበቀ። ያን የድሮውን መለጠፊያ አልነኩትም። ማን እንደለጠፈው እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ባወረዱት ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ሉብና ዳር ላይ ሚስባህን አገኘችው። ቀና ብላ አየችውና «ደህና ነህ ወይ?» አለችው። እሱ ምንም ስለማያውቅ «አልሐምዱሊላህ! ምነው ጠፋሽብን?» ብሎ እጇን ይዞ ወደ ጀልባው አሳፈራት። «ቢስሚላህ» ብላ ገባችና መሀል ላይ ተቀመጠች። ሚስባህ ቀዘፈ። ዳሩ ራቀ፤ የቆሙት ሰዎች አነሱ።

ኡበይደላ ግን መቀመጥ አልቻለም። አንዴ ወደ ግንባሩ፣ አንዴ ወደ ኋላው ይሄዳል፤ ጎንበስ ብሎ ወለሉን በመዳፉ ይዳስሳል፤ እጁን አይቶ ደግሞ ሌላ ቦታ ይዳስሳል። ጀልባው በእሱ እርምጃ ግራ ቀኝ ያዘነብላል።

ሉብና በአንድ እጇ የጀልባውን ጠርዝ፣ በሌላው የባሏን ሸሚዝ ጨምድዳ ያዘች።

«ደረቅ ነው፣ አይቻለሁ» አለች። «አሁን ቁጭ በል። የሚያናውጠን አንተ ነህ እንጂ ውሃው አይደለም።»

ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ እጁ ቀስ ብሎ ወደ ወለሉ ወረደ። ሚስባህ አይቶ ሳቁን ለቀቀው።